ዝም ያለችው ዘበኛ

ፀደይ ውሻ ታውቃለች ይባላል። ማን እንዳስወራው እንጃ፤ ምናልባት ራሷ ትሆናለች። ኮሎምበስ ከተማ፣ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሰዎች ሥራ ሲሄዱ ውሾቻቸውን የሚያውሉበት ዴይኬር አለ። እዚያ ውሻ ታጥባለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች፣ ታናፍሳለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ኮሎምበስ ያለ ሐበሻ ቡችላ ባማረው ቁጥር የሚደውለው ለእሷ ሆነ። "ፀዲ፣ ይቺ ስታድግ ምን ይወጣታል? ትናከሳለች? ትጮሃለች?" ይሏታል ፎቶ ልከው። እሷም ከፎቶ ምን ይታወቃል ማለት ሲገባት፣ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አይታ "ዓይኗ ረጋ ያለ ነው፣ ችግር የለባትም" ትላለች። ደስ ይላታል እኮ። አዋቂ ሲባል የማይደሰት ማን አለ?

እውቀቱ ግን አላት፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። አለቃዋ ሊዮን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው፣ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተምሯታል። የትንንሽ ዘር ቡችላ ሲያድግ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው ማወቅ ከፈለግሽ፣ ቡችላውን ትተሽ መጀመሪያ እናቱን እዪ ይላታል። እናቱ ኮሽ ባለ ቁጥር የምትጮህ ከሆነች ልጁም ከጡቷ ጋር ይማረዋል። ቀጥሎ የሚሄድበትን ቤት እዪ፤ ጮሆ አንድ ነገር ያገኘ ውሻ ነገም ይጮሃል። በጀርባ ማስተኛቱ፣ ቁልፍ ጥሎ ማስደንገጡ፣ ጠርቶ መምጣት አለመምጣቱን ማየቱ መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ ግምት ነው። ፀደይ ይሄን ሁሉ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። እያወቀች ነው እንግዲህ ያደረገችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራሷ ውሻ፣ ሚጥሚጣ የምትባል የቺዋዋ ቅልቅል፣ ሳይታሰብ ወለደች። ስሙን ያወጣችላት ወድዳ አይደለም። ሚጥሚጣ ጥቅል የሚያደርስ ሰው ላይ ትጮሃለች፣ ነፋስ የገፋው ቅጠል ላይ ትጮሃለች፣ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚሮጥ ፈረስ ላይ ትጮሃለች። አብራት የምትኖረው ሲና ደግሞ ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ስትጦር አድራ ቀን የምትተኛ ልጅ ናት። "ወይ ቡችሎቹ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ" አለች፤ እውነቷን ነው። ፀደይ ቡችሎቹን አንድ በአንድ አደለቻቸው። በመጨረሻ አንዲት ሴት ቀረች፣ ቡናማ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ።

ይሄኔ ነው ጋሼ ወልደየሱስ የመጡት። ከቤተ ክርስቲያን ነው የምታውቃቸው። ዲቪ ደርሷቸው በስተርጅና አሜሪካ የገቡ፣ ሪከንባከር አካባቢ ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዱ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ሰው ሲያወራ ከንፈር ከንፈሩን ያዩታል። ፀደይ እንዴት ያለ ጥሞና ነው እያለች ትወዳቸው ነበር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ አሏትና "ቡችላ አለሽ አሉ። እኔ ብወስዳትስ?" አሏት።

ቅዳሜ ሊያዩዋት መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ፀደይ ሚጥሚጣን መታጠቢያ ቤት ቆልፋባት የፀጉር ማድረቂያውን ከፍታ ተወችው፤ ጩኸቱን ይሸፍንልኝ ብላ። ያቺን እናት ያየ ሰው ልጇን እንደማይወስድ አሳምራ ታውቃለቻ።

ጋሼ ቡችላዋን በሁለት እጃቸው አነሱና ዓይን ዓይኗን አዩዋት። "ስታድግ ምን ዓይነት ትሆናለች? ትጮሃለች?"

ፀደይ ይሄን ስትጠብቅ ነበር። ቡችላዋን ተቀብላ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት፤ ትንሽ ተፍጨርጭራ ተወችው። የመኪና ቁልፏን ጣለች፤ ቡችላዋ ሄዳ አሸተተችው። ፀደይ እንደ ሐኪም ራሷን ነቀነቀች።

"አዩ ጋሼ? አልደነገጠችም። ዝምተኛ ነው የምትሆነው። ድምጿንም አይሰሙት።"

የጋሼ ፊት ጠቆር አለ። ፀደይ አይታዋለች፤ ግን ለምን ብላ ለመጠየቅ ፋታ አላገኘችም፣ ሚጥሚጣ የመታጠቢያ ቤቱን በር በመዳፏ መደብደብ ጀምራለች። በሩ ተርገበገበ። "ሲና ናት፣ ፀጉሯን እያደረቀች ነው" አለች ፀደይ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ጋሼ በሩን አዩት። ቆየት ብለው አዩትና ፈገግ አሉ።

"እወስዳታለሁ" አሉ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ፀደይ እፎይ ማለት ነበረባት። አላለችም። ምሳ አቀረበች፣ አልበላላት አለ። አንድ ሽማግሌ፣ ያውም አባቷ የሚሆኑ፣ አምነዋት መጥተው ሸወደቻቸው። ይሄው ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሲና ከእንቅልፏ ተነስታ "ተገላገልን" ስትል ፀደይ ፊቷን አዞረች። ማታ ደህና ገቡ ወይ ብላ ቴክስት ስታደርግላቸው፣ ጋሼ "ዘበኛ ብያታለሁ" ብለው መለሱላት። ፀደይ ሳቀች። እፍኝ የማትሞላ ውሻ ዘበኛ ስትባል ማን አይስቅም?

ወራት አለፉ። ዘበኛ አደገች፣ ማለትም ከእፍኝ ወደ ሁለት እፍኝ። ፀደይ እሁድ እሁድ "እንዴት ናት?" ስትላቸው "ጎበዝ ናት" ነበር መልሳቸው። እሷም ጸጸቷን ቀስ በቀስ ወደ ጓዳ ገፋ እያደረገች ነበር፣ ኦሊያድ እስኪደውል ድረስ።

ኦሊያድ ከጋሼ ወልደየሱስ ሥር ባለው አፓርታማ የሚኖር፣ ሌሊት ኡበር የሚሠራ ልጅ ነው። "ፀዲ፣ በናትሽ ያቺን ውሻ አንድ ነገር አድርጊያት" አላት። "ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ልክ እኔ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ትጀምራለች። ጣራዬ ላይ ነው የምትጮኸው። ለሽማግሌ ሰው ምን ብዬ ልንገራቸው? ጨንቆኝ ለአፓርታማው ኦፊስ ኮምፕሌይን አደረግኩ፤ አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ቆጨኝ። ዋርኒንግ ሰጥተዋቸዋል። አንድ ሰው ከደገመ ወይ ውሻዋን ያስወጡ፣ ወይ ቤቱን ይልቀቁ ነው የሚሏቸው።"

ፀደይ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቤታቸውን ሊያጡ ነው። በእሷ ምክንያት። ያንን የፀጉር ማድረቂያ ባላበራው ኖሮ አለች። ሚጥሚጣ እግሯ ሥር ሆና ለማቀዝቀዣው ትጮሃለች።

በማግሥቱ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄደች። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ዘበኛ ጮኸች፤ ጋሼም ወዲያው ከፈቱ። ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ዘበኛ ሮጣ መጣችና እግራቸው ላይ እየዘለለች ጮኸች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከኪሳቸው የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭ አውጥተው አጎረሷት። ከኪሳቸው! ፀደይ ራሷን ያዘች።

"ጋሼ፣ በጮኸች ቁጥር ከሸለሟት እንዴት ትተዋለች?"

"እንቁላል ትወዳለች" አሉ ጋሼ።

"ኦፊሱ ተናግሮዎታል አሉ። ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አትጮህም ብዬ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ለጥቂት ሳምንት ልውሰዳትና ላስተምራት።"

ጋሼ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። "ተይው ልጄ፣ ሥራ ይበዛብሻል።"

"ሥራዬ እኮ ነው ጋሼ።"

"አይ፣ አላስቸግርሽም።"

"ምን ችግር አለው?"

"ግዴለም። ይቅር።"

እኛ ዘንድ እንቢታ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። ብሉ ሲባል ጠግቤያለሁ ማለት፣ ልሸኝህ ሲባል ግዴለም ማለት፣ ጨዋ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማለት አለበት። ለማኙም ተለማኙም ያውቁታል። ፀደይም የጋሼን ግዴለም በዚያው ሒሳብ ተቀበለችው፤ ጨዋነት ነው አለች። ጨዋ እንቢ ሲል ደግሞ መግፋት ነው ወጉ። ገፋች። ዘበኛን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ "በሰላም ይዋሉ" ብላ ወጣች። ጋሼ በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። ደረጃውን ስትወርድ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ሆድ ብሷቸዋል፣ ለምደዋታል አለች። እንዲያውም አሳዘኗት።

ሊዮን ምን እንደሚላት ታውቅ ስለነበር ዴይኬሩ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን የከፈተችው እሱ ሳይኖር ነው። እዚያ ውሾች ሲጮሁ አፍንጫቸው ላይ የሎሚ ሽታ ያለው ውሃ የሚረጭ የአንገት ማሰሪያ አለ። ሊዮን አይወደውም። ገና ያላደገች ትንሽ ውሻ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ካደረግሽ ጩኸቷን ብቻ አይደለም የምትወስጂባት፣ ድፍረቷንም ነው፤ ቀስ ብሎ ማስተማር ነው የሚሻለው ይላል። ፀደይ ግን ቀስ የምትልበት ጊዜ የላትም። ኦፊሱ እየጠበቀ ነው፤ ሕሊናዋም እየጠበቀ ነው።

ዘበኛ መጀመሪያ ቀን ጮኸች፣ ተረጨባት፣ አነጠሰች። ደግማ ጮኸች፤ ተረጨባት። ፀደይ በየጊዜው ጣቷን ቀጥ አድርጋ "እሽ!" ትላታለች፣ ማሰሪያው ይረጫል። ጥቂት ቀን ሳይሞላ ዘበኛ በር ሲንኳኳ አፏን ትከፍትና የፀደይን ጣት ፍለጋ ዞር ትላለች። ጣቷን ስታይ አፏን ትዘጋለች። በኋላ ማሰሪያው ሳይኖርም፣ ጣት ሳይነሳም መዝጋት ጀመረች። ሚጥሚጣ ጎኗ ቆማ ቤቱን በጩኸት ስታናውጠው እንኳ ልጅቷ ዝም ትላለች። ሲና "ይሄን ለእናትየዋም አድርጊላት" አለች። ፀደይ ኮራች። ዘበኛ ሶፋ ሥር ገብታ መዋል መልመዷን አይታለች፤ ደክሟት ነው አለች።

ስትመልስላቸው ጋሼ ውሻዋን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዟት። ማንቆርቆሪያው አፏጨ። ዘበኛ ጆሮዋን አቆመች፣ ፀደይን አየች፣ ተኛች። ጋሼ ወደ ማንቆርቆሪያው አልዞሩም፤ ውሃው ገንፍሎ እስኪፈስ ድረስ አልዞሩም፤ ፀደይ ናት ተነስታ ያጠፋችው። "ተባረኪ ልጄ፣ ደክመሽልኛል" አሏት። ፀደይ በደስታዋ ስለ ማንቆርቆሪያው አላሰበችም። ኦሊያድም ደውሎ "ጌታ ይባርክሽ፣ አሁን እንደ ሕፃን ነው የምተኛው" አላት። እሷም የዚያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግባ በላች።

ከዚያ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ጠፉ። አንድ እሁድ፣ ሌላ እሁድ። ሥራ ቀይረው ይሆናል ብላ ተወችው። በኋላ ኦሊያድ ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ ሲጨርስ "ለመሆኑ ጋሼ ሥራ አቆሙ እንዴ?" አላት። "ጠዋት ስገባ መኪናቸው ቆማለች፤ ስነቃም ቆማለች።"

ፀደይ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን ያ ጓዳ የገፋችው ነገር ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። እንግዲያው ሁሉንም እነግራቸዋለሁ ብላ ወሰነች። እናቷን ደብቄ ነው የሰጠሁዎት እላለሁ፤ ይቆጡኝ፣ ይራገሙኝ፣ ብቻ ይውጣልኝ።

አንኳኳች። መልስ የለም። ደገመች፤ በቡጢ መታችው። በበሩ አጠገብ ባለው መስኮት አጮልቃ አየች። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳህን ያጥባሉ። ዘበኛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በመስታወቱ ፀደይን ታያታለች፤ አፏን አልከፈተችም። "ጋሼ!" አለች ፀደይ። "ጋሼ ወልደየሱስ!" ትከሻቸው እንኳ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ስልካቸው ላይ ደወለች። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እየጮኸ በራ። ብዙ ከጠራ በኋላ ጋሼ እጃቸውን ሊያደርቁ ዞር ሲሉ ብርሃኑን አዩና አነሱት። ቀና ሲሉ መስኮቱ ጋ የቆመችውን ፀደይን አዩ፤ ለእሷም ያን ጊዜ ገባት። ያ ሁሉ ከንፈር ማየት ጥሞና አልነበረም።

ከፍተው አስገቧት፤ አስቀመጧት። ፊት ለፊት ተቀምጠው አፏን ማየት ጀመሩ።

"ሥራስ ጋሼ?"

"የማርፈድ ፖይንት ሞላብኝ" አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። "አረፈድኩ፣ አረፈድኩ፣ አሰናበቱኝ።"

"አላርም የለዎትም?"

"አለኝ፤ አይሰማኝም። ትራሴ ሥር አደረግኩት፣ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ መሬት ወድቆ አገኘዋለሁ።" ዘበኛን አዩዋት። "እሷ ነበረች የምትሰማልኝ። አላርሙ ሲጮህ ደረቴ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። እሱ ይሰማኛል፤ አጥንቴ ድረስ ይገባል። እንቁላል እየሰጠሁ ነው ያስተማርኳት። በር ሲንኳኳ፣ ሻይ ሲፈላ፣ ሁሉንም ትነግረኝ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?" አለች ፀደይ።

"ምን ብዬ? ጆሮዬ ሞተ ብዬ? አንቺ ካወቅሽ ቤተ ክርስቲያን ያውቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ካወቀ መጋዘኑ ያለው ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ከፎርክሊፍቱ ላይ ያወርዱኛል ብዬ ፈራሁ። ማውረዱማ ነበረባቸው። እሱንም አውቃለሁ።"

ፀደይ ያን ጊዜ ስለ እናትየዋ ተናዘዘች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የነበረችው ሲና አይደለችም አለች፤ የውሻዋ እናት ናት፣ ቀኑን ሙሉ የምትጮህ፣ ሆን ብዬ ነው የደበቅኳት። ጋሼ ግማሹን ሳትጨርስ እጃቸውን አወናጨፉ።

"አውቃለሁ እኮ። ሲና በር ትቧጥጣለች እንዴ? መዳፏን በበሩ ሥር አየሁት። አንቺ ዝምተኛ ናት ስትዪኝ ልተዋት ነበር። በሩ ሲርገበገብ ነው፣ እናቷ እንዲህ ከሆነች ይቺም አትሰንፍም ብዬ የወሰድኳት።"

ፀደይ እንዲቆጧት፣ እንዲሰድቧት ፈልጋ ነበር የመጣችው። ይሄን ግን አልጠበቀችም። ስትጸጸትበት የከረመችው ውሸት ሰውየውን አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው ካሳው ነው። ጸጸቷን ለማራገፍ ስትጣደፍ ጆሯቸውን ነጥቃ ሄደች። ሦስቴ እንቢ ብለዋታል። በአፋቸው ብለዋታል።

"አስተምራታለሁ" አለች ተነስታ። "አሁኑኑ። እንድትጮህ መልሼ አስተምራታለሁ።"

"እንሞክራ" አሉ ጋሼ፣ እሷን ለማጽናናት። ሶፋው ላይ ተዘረሩ። "እንደተኛሁ ላድርግ፤ እንደ ድሮው።" እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፀደይ ስልካቸውን ወስዳ አላርሙን አስጮኸችው። ዘበኛ ብድግ አለች። ጆሮዋ ቆመ። ሰውነቷ አልረሳም፤ ሮጣ ዘልላ ደረታቸው ላይ ወጣች፣ አራት እግሯን ተከለች፣ አፏን ከፈተች። ከዚያ አንገቷን አዙራ ፀደይን አየች። ፀደይ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። "ጩኺ" አለቻት በሹክሹክታ፣ "ጩኺ የኔ እናት፣ ጩኺ እንጂ።" ዘበኛ ተንቀጠቀጠች፣ አፏን ዘጋች፣ አገጯን የሰውየው ደረት ላይ አስተኛች። አላርሙ ይጮሃል።

"ጮኸች?" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"አልጮኸችም" አለች ፀደይ።

ጋሼ ጠበቁ። ግንባራቸው ተቋጠረ። "ጮኸች እንዴ ልጄ? ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማኋት?"

ፀደይ ተንበረከከች። አፏን ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ "አልጮኸችም!" አለች። ዘበኛ ከደረታቸው ላይ ዘልላ ወረደችና ሶፋው ሥር ገባች።